ዱባለ ሞቶ ያየው ፊልም

ምርጡን መጀመሪያ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ፦ ዱባለ ሞቶ ሁለት ፊልም አየ። ቡታጅራ፣ በራሱ ቪዲዮ ቤት፣ የፊት ወንበር ላይ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ። ሰዉ ሁሉ ተኝቷል ብሎ አለፈው። ሚስቱ የሺመቤት እንኳ በሁለቱ ፊልሞች መሃል ክትፎ አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችና «ሳይቀዘቅዝ ብላ» ብላው ሄደች። ለሬሳ።

ሐኪሙ የገደለው የእንቅልፍ ኪኒን ነው አለ። ያንን ኪኒን ደግሞ ለአማቷ የምትገዛው የሺመቤት ናት። በቃ፣ አማቷ ለቅሶው ላይ «ልጄን በክትፎ በላችው» አሉ፤ ፖሊስም ሊወስዳት ተነሳ። የሺመቤት አላለቀሰችም። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ውስጧ ግን እንደደነዘዘ እግር ሆኗል፣ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

ኢንስፔክተር ሲፈን ከወልቂጤ መጣች፣ ማስቲካዋን እያኘከች። መጀመሪያ የሟቹን ታናሽ ወንድም አበራን ጠየቀች።

«በሕይወት እያለ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«አንድ አንድ አረቄ ጠጣንና ገባን። የመጀመሪያውን ፊልም አጠገቡ ሆኜ ጨረስኩ። ያቺ ባሎቿን የምትገድለው ፈረንሳዊት እድሜ ልክ ሲፈረድባት ‹ይበላት› ብሎ ሁሉ ስቋል። እኔ ወጣሁ፣ ከዚያ የሷ ክትፎ መጣ።»

ሲፈን ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

ቀጥሎ ዘመድኩን ተጠራ፤ ፊልሙን በማይክ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚተርከው እሱ ነው።

«ማይኩ ተቃጠለብኝ፤ አኩርፌ ውጭ ቁጭ አልኩ። ለሁለተኛው ፊልም ስገባ...»

«ስትገባ?»

«ክትፎው ሸተተኝ። ጋሼ ዱባለ ተኝቷል ብዬ... ጨረስኩት። የሬሳ ምሳ በላ እንዳይሉኝ ነው ዝም ያልኩት።» ወደ የሺመቤት ዞረ። «ይቅርታ እትዬ የሺ። ቅቤው ግን ልክ ነበር።»

«አላመመህም?»

«ሆዴስ ደህና ነው።»

ሲፈን ሁሉንም ስክሪኑ ፊት አስቀምጣ የዚያን የፈረንሳይ ፊልም መጨረሻ ከፈተች። ሴትዮዋ ባቡር ላይ ወጣች፣ ብርቱካን ላጠች፣ ፈገግ አለች። አለቀ።

«ፍርዱ የታለ?» አለች ሲፈን።

«የለም» አለ ዘመድኩን። «ፊልሙ ላይ አምልጣ ነው የምትቀረው። ሰዉ ካልተፈረደባት ብራችንን መልሱ ስለሚል በማይክ የምፈርድባት እኔ ነኝ።»

«ማይኩ መቼ ተቃጠለ?»

«ገና ፊልሙ ሳይጀመር።»

«ስለዚህ ያን ቀን ማንም አልፈረደባትም። አበራ፣ ፍርዱን የሰማኸው ሌላ ቀን ነው፤ ያን ቀን እዚህ አልነበርክም። ለምን ዋሸህ? ክትፎው ሲመጣ ወንድምህ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። ክትፎውን የበላው ሰው ግን ይኸው፣ ምንም አልሆነም። ኪኒኑ አረቄው ውስጥ ነበር። ኪኒኑ ደግሞ ከእናትህ ትራስ ስር ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ ቤት የምታድረው አንተ ነህ። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። እሱ ሞቶ እሷ ከታሰረች ቪዲዮ ቤቱ ላንተ ይቀራል።»

አበራ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«እና ሴትዮዋ አመለጠች ማለት ነው?» ብቻ አለ።

ወሰዱት። አማቷ ብቻቸውን ቀሩ፤ አንዱ ልጃቸው አፈር ውስጥ፣ አንዱ ካቴና ውስጥ። ቀና ብለው ሳያዩዋት እጃቸውን ዘረጉላት።

«ቤት እንሂድ፣ ልጄ።»

በዚያው «በላችው» ባሉበት አፍ። የሺመቤት የተዘረጋውን እጅ አየችው። ውስጧ ግን አሁንም እንደደነዘዘ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ትይዙት ነበር?