የመርጌታን ድምፅ ማን ወሰደው

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁ እንግዳ ቢያድር ትቆልፉበታላችሁ? እኛ ሰቆጣ ነውር ነው። እማዋይሽን ጉድ የሠራትም ይኸው ነውር ነው፤ ስሙኝማ።

ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከኪዳን ተመለሰችና ኮምፒውተሩን ከፈተች። የመርጌታ ድምፅ የለም።

መርጌታ ዘበነ ባሏ ነበሩ። ካረፉ ዓመታቸው። ዜማ ሲያስተምሩ፣ ምሥጢሩንም በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ለተማሪዎቻቸው ሲፈቱ በካሴት ተቀድተው ነበር። ካሴቱ ሲያረጅ ልጇ ኤርምያስ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ላከላት። እማዋይሽ እንደ ልጇ ያሳደገቻት ሰርካለም ቁጭ ብላ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው። ካሴቶቹ ከዚያ ወዲህ ተበጣጥሰው ተጥለዋል። የቀረው ያ ብቻ ነበር።

«ማን ነካው?» አለች እማዋይሽ።

ወንዳወቅ ዓይኑን እያሸ ተነሣ። የመርጌታ የሩቅ ዘመድ ነው፤ በኮምፒውተር የተመረቀ። ለሙት ዓመታቸው ከወልድያ መጥቶ እዚያው ሰነበተ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍልና ደኅናው አልጋ ለእሱ ተለቆለታል።

«መብራት ሲሄድ ሲመጣ አጥፍቶት ይሆናል፣ እትዬ።»

«የልጆቹ ፎቶ አለ። የሠርጉ ቪዲዮ አለ። መብራት መርጌታን መርጦ ነው ያጠፋው?»

«እንግዲህ ከእርስዎና ከሰርካለም ሌላ ማን ይነካዋል? ፓስወርድ አለው። እኔ በምን እከፍተዋለሁ?»

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ካሤ የሚባለው ፖሊስ መጣ፤ ወንዳወቅን ሰማ፤ ሰርካለምን ይዟት ሄደ።

እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ከኋላቸው ጣቢያ ገባች።

«ልጄን ልቀቅ።»

«እናቴ፣ ኮምፒውተር የምትችለው እሷ ናት።»

«አንተም ጠመንጃ ትችላለህ። ከተማው ውስጥ ሰው በተገደለ ቁጥር አንተን እንያዝህ?»

ካሤ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። «ፓስወርዱን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

«ሰርካለምስ?»

«እኔ ስጽፍ ፊቷን ታዞራለች። እንዲያ ነው ያሳደግኋት።»

«ቃሉ ምን ነበር?»

«አልናገርም።»

«ልጅቷ እዚህ ትደር?»

እማዋይሽ ጥርሷን ነከሰች። «የመርጌታ የክርስትና ስም ነው። ኤርምያስ “ሰው የማያውቀውን ቃል አድርጊ፤ ለእንግዳ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ለብቻው መግቢያ ክፈችለት” አለኝ። እንግዳን እንዴት እለየዋለሁ ብዬ ሁለተኛውን ተውኩት። ስሙን ግን ከእኔና ከካህናቱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ቢረሱትስ?»

«የጥያቄ ምልክቷ ስትነካ ማስታወሻ ይወጣል። “የመርጌታ የክርስትና ስም” ብዬ...»

ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ሐሙስ ዕለት ወንዳወቅ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ ከዚህ ስወጣ ላሊበላ እሳለማለሁ። የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ፣ ጸሎት ላስደርግላቸው» ብሏት ነበር። አልቅሳ ነው የነገረችው። መርቃዋለች።

«ውሻ» አለች ቀስ ብላ። «ተነሥ ካሤ። ሳይሄድ እንድረስበት።»

ሲደርሱ ወንዳወቅ ሻንጣውን እየዘጋ ነው።

«ወዴት ነው?» አለው ካሤ።

«ላሊበላ። ለመርጌታ ጸሎት ላስደርስ።»

«ኮምፒውተሩን አልነካሁም ነው የምትለው?»

«አልነካሁም።»

«እሺ» አለች እማዋይሽ። ከሸሚዙ ሥር የሚታየውን ጥቁር ክር አየችው። ማተቡ ነው እያለች ስትደሰትበት የሰነበተችው ክር ነው። «አንገትህ ላይ ያለውን መስቀል አውጣ። እሱን ይዘህ ማልልኝ። ከማልክ እግርህን ስሜ እሸኝሃለሁ።»

ወንዳወቅ የሸሚዙን ኮሌታ ጨበጠ።

«ማል እንጂ።»

«ለዚህ ደግሞ መሐላ...»

ካሤ ክሩን ሳብ አደረገው። መስቀል የለበትም። ጫፉ ላይ ፍላሽ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በኋላ ወንዳወቅ ሁሉንም ተናገረ። ወልድያ ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት በሲዲ ሊያወጣው ተስማምቷል። ሌላ ቅጂ ካለ አንገዛም ስላሉት ገልብጦ ሲያበቃ አጠፋው።

«ብትጠይቀኝ በነፃ እሰጥህ ነበር» አለች እማዋይሽ። «አልጋዬን ሰጠሁህ። እህሌን በላህ። ይሁን። ልጄን ግን በሐሰት አሳሰርክ። ለሙት ጸሎት ብለህ መጥተህ ሙቱን ዘረፍክ። ካሤ፣ ከፊቴ አንሣልኝ።»

ሰርካለም በዚያው ቀን ተፈታች። ፍላሹን ሰክታ ድምፁን መለሰችው፤ ሁለተኛ ቅጂም ለኤርምያስ ተላከ። መርጌታ እንደ ገና በኽምጣኛ ተማሪ ሲቆጡ ተሰማ። እማዋይሽ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ክፍል አስገባች፤ የእንግዳ መግቢያም አስከፈተች። አዲሱን ቃል ልትጽፍ ስትል ሰርካለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ዙሪ ልጄ» አለቻት። «አንቺም እወቂው።»

የድሮው ቃል ከእንግዲህ ምንም አይከፍትም፤ ልንገራችሁ። ወልደ ሰማዕት ነው። ላሊበላ ሳይደርስ የቀረውን ጸሎት እባካችሁ እናንተ አድርሱላቸው።