ሽምብራና ሰባቱ ካልሲዎች

ኑ፣ ጠጋ በሉ። የሽምብራን ነገር ላጫውታችሁ።

የምትቆረጠመዋን ሽምብራ አይደለም! ይቺኛዋ ሽምብራ መኪና ናት። ቀለሟ ቢጫ፣ ቁመቷ አጭር። አራት ሰው ሲገባባት «እህህህ» ትላለች፤ ግን ትሄዳለች።

ሽምብራ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ፣ ውይ! አፍንጫ ይቆነጥጣል።

እዚያው ግቢ ውስጥ ወለላ ትኖራለች። ወለላ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

አባዬም አለ። አያቷ አባባ ይርጋም አሉ። አባባ ይርጋ ጅብ አይፈሩም፤ ነጎድጓድ አይፈሩም። የሚፈሩት ነፋስ ብቻ ነው።

በር ከተከፈተ፣ «ዝጉት! ዝጉት! ነፋስ ይመታናል!» መስኮት ከተከፈተም፣ «ዝጉት! ዝጉት! ነፋስ ይመታናል!»

እማዬስ? እማዬ ቤት የለችም።

እማዬ ነርስ ናት። ሥራዋ ሸዋሮቢት ሆነ። ሸዋሮቢት ከተራራው ወዲያ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ፣ ወርዶ፣ ሞቃቱ አገር።

የሄደች ቀን አባዬ በሽምብራ አደረሳት። ወለላ በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች፣ አወዛወዘች፤ ሽምብራ ከዓይኗ እስክትጠፋ ድረስ።

ማታ ሽምብራ ያለ እማዬ ተመለሰች። ወለላ ሮጣ በሩን ከፈተችና የእማዬ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

እምምም! እማዬ፣ እማዬ ይሸታል! አደስ የገባበት ቅቤና የሎሚ ሳሙና።

«እማዬ እዚህ አለች» አለች ወለላ፣ ለራሷ ብቻ።

አባዬ ሥራው ቅርብ ስለሆነ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሽምብራ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች። ወለላም በየቀኑ ትገባና ዓይኗን ትጨፍናለች። እምምም!

አንድ ቀን ግን ሽታው ትንሽ ቀነሰ። በማግስቱ ደግሞ ትንሽ ቀነሰ።

ወለላ ክው አለች። «እማዬ እየወጣች ነው! በየት በኩል ነው የምትወጣው?»

ዞር ዞር ብላ አየች። ከመሪው ግራና ቀኝ ነፋስ የሚወጣባቸው ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ጫ! ጫ! ጫ! ጫ! ሁሉንም ዘጋቻቸው።

ከፊት መስታወቱ ሥር ደግሞ አንድ ረጅም ቀዳዳ አለ። እሱ መዝጊያ የለውም።

ምን ይሻላል? ወለላ አሰበች፣ አሰበችና ወደ ቤት በረረች። የካልሲውን ቅርጫት ይዛ መጣች!

የራሷን ሁለት ቢጫ ካልሲዎች ከተተች። የአባዬን ሁለት ጥቁር ካልሲዎች ከተተች። የአባባ ይርጋን ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲዎችም፣ እየገፋች፣ እየገፋች ከተተች።

አሁንም ትንሽ ቦታ ቀረ። ቀይ ካልሲዋን አነሣች፤ የቀዩ ጓደኛ ግን የለም። ቅርጫቱን ገለበጠች፣ የለም! ስለዚህ አንዱን ብቻ ከተተች።

ሁሉንም በእርሳስ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ገፋ አደረገቻቸው። ከላይ ምንም አይታይም።

«በቃ! አሁን እማዬ አትወጣም።»

ማታ አባባ ይርጋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጮኹ። «ካልሲዬን ማን ወሰደው? እግሬን ብርድ ጨረሰው እኮ!»

ወለላ መሬት መሬት አየች። አይ ወለላ!

ቀኑ ሄደ፣ ሄደ። ክረምት ገባ። እማዬ ከሄደች ሁለት ወር ሞላ።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው? ናፈቅሽኝ!» አለች ወለላ በስልክ።

«እኔም ናፍቀሽኛል፣ የኔ ማር። ሕመምተኛው ብዙ ነው፣ ትቼ መምጣት አልችልም። ግን እሑድ እረፍት ነኝ። እናንተ ኑ! ይቺ እሑድ ካለፈች እስከ መስከረም ሌላ እረፍት የለኝም።»

ወለላ በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ!

እሑድ በጠዋት ተነሡ። አባዬ መሪውን ያዘ። አባባ ይርጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኑ ተቀመጡ። ወለላ ከኋላ ቀበቶዋን ታጠቀች።

«መስኮቱን ዝጉት! ነፋስ ይመታናል!»

«ተዘግቷል፣ አባባ!»

ድርርርር! ሽምብራ ተነሣች። ወለላ በሆዷ «እማዬ፣ መጣሁ! እማዬ፣ መጣሁ!» እያለች ነው።

ተራራው ጋ ሲደርሱ ዝናብ መጣ። ጉምም መጣ። ሽምብራ ዝናቡን ከመስታወቷ ላይ ጠረገች። ሸርተት! ሸርተት! ሸርተት!

ነገር ግን መስታወቱ ከውስጥ በኩል ነጭ ሆነ። አባዬ በእጁ ጠረገው፤ ተመልሶ ነጭ ሆነ። አባባ ይርጋ በጋቢያቸው ጠረጉት፤ ተመልሶ ነጭ ሆነ።

«ትንፋሻችን ነው፤ መስታወቱ ላይ እየተቀመጠ ነው» አለ አባዬ። «ሙቅ ነፋስ ቢያገኝ ይደርቅ ነበር።»

የነፋሱን ቁልፍ አዞረ። «ሽምብራ፣ ሽምብራ፣ እስቲ ተንፍሺ!»

«ህምምምም…» አለች ሽምብራ። ነፋስ የለም።

ወለላም ከኋላ ጮኸች። «ሽምብራ፣ ሽምብራ፣ እስቲ ተንፍሺ!»

«ህምምምም…» ምንም የለም።

አባዬ መኪናዋን ዳር አስያዘና አቆማት። «መንገዱ አይታየኝም። ካልታየኝ ደግሞ አልነዳም። ትንሽ ሲገልጥልን ቀስ ብለን ወደ ቤት እንመለሳለን፣ ወለላዬ።»

ወደ ቤት? እማዬን ሳያዩ?

አባዬ መስኮቱን ከፍቶ ጭንቅላቱን አወጣ። «ዝጉት! ዝጉት!» አሉ አባባ ይርጋ። አባዬ ግን የሆነ ነገር አየ። እንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ። ጋራዥ!

ጭንቅላቱን እንዳወጣ ሽምብራን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ወሰዳት።

ከጋራዡ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ወጣች። መካኒኳ ትርንጎ ናት። «ምን ሆናባችሁ ነው፣ ወንድሜ?»

«መተንፈስ እምቢ አለችን» አለ አባዬ።

ትርንጎ ኮፈኑን ከፈተች። ወለላ አጠገቧ ቆማ አየች።

«ሞተሩ ሲሠራ ውኃው ይሞቃል» አለቻት። «ሙቁ ውኃ በዚህ ቱቦ ይሄድና ነፋሱን ያሞቀዋል።» ቱቦውን ነካች። «እፍፍ! ትኩስ ነው። እዚህ ጋ ደኅና ናት።»

ጆሮዋን ወደ ውስጥ አስጠጋች። «ህምምምም…» አለች ሽምብራ። «ማራገቢያውም ይዞራል። እዚህም ጋ ደኅና ናት።»

ከአባባ ይርጋ ጉልበት ፊት ካለው ሣጥን ጀርባ አንድ ነገር ስባ አወጣች። «ይሄ ፊልትሮ ይባላል። ነፋሱን ያጣራል። ጉድ፣ ጉድ! እዩት!»

ፊልትሮው በአቧራና በደረቅ ቅጠል ተሞልቷል። አንድ የዶሮ ላባም አለበት። ትርንጎ መሬት ላይ መታችው። ጧ! ጧ! ጧ!

አጽድታ መለሰችው። ሁሉም አብረው ጮኹ። «ሽምብራ፣ ሽምብራ፣ እስቲ ተንፍሺ!»

«ህምምምም…» መስታወቱ እንደ ነጣ ነው።

ትርንጎ ራሷን አከከች። «ውኃው ሙቅ፣ ማራገቢያው ደኅና፣ ፊልትሮው ንጹሕ። ታዲያ ነፋሱ የት ገባ? ፈትቼ ማየት አለብኝ። ለነገ ይደርልኝ።»

ነገ! ነገ ሰኞ ነው። እሑድ ሊያልፍ ነው!

ወለላ ነፋሱ የት እንደገባ ታውቃለች። ከተናገረች ቀዳዳው ይከፈታል፣ የእማዬም ሽታ ይወጣል። ዝም ካለች ግን እማዬን አታያትም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ወለላ እዬዬ ብላ አለቀሰች።

አባዬ ተንበረከከ። «ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ እናት?»

«እኔ ነኝ… እኔ ነኝ የዘጋሁት! በካልሲ! ሽምብራ እማዬ፣ እማዬ ትሸታለች። እማዬ እንዳትወጣ ብዬ ነው!»

አባዬ እቅፍ አደረጋት። «እኔስ ሁለት ወር ሙሉ ሽምብራን ከውስጥ ያላጠብኳት ለምን ይመስልሻል?»

ወለላ ቀና ብላ አየችው። የአባዬም ዓይን እርጥብ ነበር።

ትርንጎ ቀጭን ሽቦ ቆልመም አደረገችና ለወለላ ሰጠቻት። «ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ የከተትሽውን አንቺው አውጪው። እኔ አግዝሻለሁ።»

ወለላ ሳበች። አንድ! ቢጫ ካልሲ። ሁለት! ቢጫ ካልሲ። ሦስት! አራት! የአባዬ ጥቁር ካልሲዎች።

አምስት! ስድስት! «ካልሲዬ!» አሉ አባባ ይርጋ። «የኔ ካልሲ! እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ እሱ መኪና ተሳፍሮ!»

ሰባት! ቀዩ ካልሲ፣ ብቻውን። ክብ ክብ ቀዳዳዎቹንም ጫ! ጫ! ጫ! ጫ! አድርጋ ከፈተቻቸው።

«ሽምብራ፣ ሽምብራ፣ እስቲ ተንፍሺ!»

«ሽውውውውው!» ተነፈሰች! ሙቅ ነፋስ! መስታወቱ ላይ መጀመሪያ ሳንቲም የምታህል ክብ ተከፈተች፤ ከዚያ ሳሕን የምታህል፣ ከዚያ ሁሉም ጠራ። ተራራው ታየ፣ መንገዱም ታየ።

ወለላ አየሩን አሸተተች። እማዬ፣ እማዬ አይሸትም። ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ?

«የአባባ ይርጋ ካልሲ ይሸታል!» አለች። ሁሉም ሳቁ። ወለላም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ትርንጎ የበረዶ ሥዕል ያለባትን ቁልፍ ለአባዬ አሳየችው። «ማቀዝቀዣዋን፣ ኤሲዋን፣ በብርድም ጊዜ ቢሆን በሳምንት አንዴ አስነሣት። ዝም ብላ ስትቀመጥ ትበላሻለች። አሁን ሂዱ፣ እናትየዋ ትጠብቃለች!»

ድርርርር! ተራራው ውስጥ በተቆፈረው ዋሻ አለፉና ቁልቁል ወረዱ። ወረዱ፣ ወረዱ። ጉሙ ቀረ። ብርዱም ቀረ። ሙቀት መጣ!

አባባ ይርጋ ጋቢያቸውን አወለቁ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ።

አባዬ የበረዶዋን ቁልፍ ተጫናት። ሽውውው! ቀዝቃዛ ነፋስ!

«ዝጉት! ዝጉት! ነፋስ…» አሉ አባባ ይርጋ። ቆም አሉና ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። «እሰይ! እስቲ ዛሬ እንኳን ትንሽ ይምታኝ!»

ሸዋሮቢት ደረሱ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት እጇን ታወዛውዛለች።

«እማዬ!»

ወለላ የእማዬ አንገት ሥር ገባች። አደስ የገባበት ቅቤ። የሎሚ ሳሙና። እምምምም!

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

ወለላ ቀይ ካልሲውን አሳየቻት። የቀዳዳውንም ነገር፣ የሽታውንም ነገር፣ ሁሉንም ነገረቻት። «ጓደኛው ግን ጠፋብኝ፣ እማዬ።»

እማዬ እጇን የጋወኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ምን እንዳወጣች ገምቱ!

ሌላውን ቀይ ካልሲ!

«ስሄድ እኔ ነኝ የሰረቅሁሽ» አለች እማዬ። «ስትናፍቂኝ አሸተዋለሁ። ማታ ማታ ትራሴ ሥር አስተኛዋለሁ።»

ያን ቀን አብረው በሉ፣ አብረው ሳቁ፣ እማዬ የወለላን ፀጉር ሠራችላት። ቀኑ ግን ቶሎ መሸ። ቀን ደስ ሲል ለምን ቶሎ ይመሻል?

መሄጃው ሲደርስ ወለላ የእማዬን ጋወን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«እንለዋወጥ» አለች እማዬ። «አንቺ ጋ የነበረውን ለኔ፣ እኔ ጋ የነበረውን ላንቺ። ደግሞ ስንገናኝ ጥንድ ይሆናሉ።»

ሽምብራ ተራራውን ወጣች። ውጪው ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ውስጡ ግን ይሞቃል። ቀዳዳዎቿ ሁሉ ተከፍተዋል። ሽውውው…

አባባ ይርጋ የሱፍ ካልሲያቸውን አድርገዋል። ወደ ኋላ ዞር አሉና በቀስታ ጠየቁ። «ወለላ፣ ነፋሱ በዛብሽ? ልዝጋው?»

ወለላ ቀይ ካልሲውን ጉንጯ ላይ አድርጋለች። እማዬ፣ እማዬ ይሸታል።

«አይዘጋ፣ አባባ» አለች ዓይኗን እንደ ጨፈነች። «ሽምብራ ትተንፍስ።»

አባባ ይርጋም አልዘጉትም። ጋቢያቸውን አወለቁና ወለላን አለበሷት። አባዬ ቀስ ብሎ ነዳ፣ ወለላም እንቅልፍ ወሰዳት።