ቀይዋ መኪና ገና አልወጣችም

ቀይዋ መኪና ከቦታዋ የለችም።

መሕቡባ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጠዋት ከአያቷ ከእማማ ሃሊማ ጋር ወደ ቡታጅራ ገበያ ስትወጣ፣ ቀይዋ መኪና በረጅሙ ሰማያዊ አውቶቡስና በቢጫው መኪና መሃል ተሰንቅራ ነበር የተወቻት። ደረጃ መቶ አስራ ስምንት። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ የማታውቃቸው መኪኖች ተደርድረዋል፤ ከላይ ደግሞ «ደረጃ 150» ይላል።

«ማነው ስልኩን የነካው?» ብላ ጮኸች።

ራምዚ የቀለም ብሩሽ እንደያዘ ከጓሮ ብቅ አለ። የአጎቷ ልጅ ነው፤ በአንድ ዓመት ይበልጣታል። ለአረፋ በዓል ከአባቱ ጋር ከአዲስ አበባ የመጡት ትናንት ነው፤ እማማ ሃሊማም ገና ሻንጣውን ሳይፈታ «ግድግዳው ከበዓሉ በፊት ይቀባ» ብለው ብሩሽ አስጨብጠውታል። አፍንጫው ላይ ሳይቀር ነጭ ቀለም አለ።

«አየሽው?» አለ ፈገግ ብሎ። «ሰርፕራይዝ!»

«ምን አደረግክ?»

«አሻገርኳችኋ! ትናንት ማታ አባባ ‹ይቺ መኪና አስቸገረችን› ሲል ሰማሁት። አንጀቴን በላው። እናንተ ገበያ ስትሄዱ እሱ ተኝቶ ነበር፤ ከስልኬ ኔት ለቀቅኩና ጌሙ የሚሰጠውን ፍንጭ እያየሁ ሠላሳ ምናምን ደረጃ ጠረግኩላችሁ። ለእማማ ሻርፕ፣ ላንቺ ቦርሳ አምጥተናል። ለአባባ ደግሞ ይሄ የኔ ስጦታ ነው።»

መሕቡባ ከንፈሯን ነከሰች። በዚህ ቤት ኔት ተከፍቶ አያውቅም። እማማ ሃሊማ «ካርድ ይበላል፣ ደግሞ ምኑ ተከትሎት እንደሚገባ አይታወቅም» ብለው ስለሚፈሩ፣ ያለ ኔት የማይሠራው የፍንጩ ምልክት ሁልጊዜ እንደደበዘዘ ነው። ማንም ነክቶት አያውቅም።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

«እንዴ! አታካብጂ ሜሂ፤ ጌም'ኮ ነው።»

ጌም ነው። እውነቱን ነው። ግን ራምዚ ዓመቱን ሙሉ እዚህ አልነበረም።

አያታቸው አባባ ከድሮ ዕድሜያቸውን በሙሉ አይሱዙ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቡታጅራ በርበሬ ጭነው መርካቶ ያራግፋሉ፤ መርካቶ ደግሞ መግባት እንጂ መውጣት እንደማይቻል ሲያወሩ ሰው ሁሉ ይስቃል። አምና ግን ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው በአንድ ጠዋት ከዷቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጆቻቸው ተመካከሩና መኪናውን ሸጡት። ለሕክምናው ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። ብቻ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሌላ፣ ጫማቸውን የሚያጠልቅላቸው ሌላ፣ ሻያቸውን የሚያማስልላቸው ሌላ ሆነ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መተኛት ጀመሩ። እማማ ሃሊማ በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ያዳምጡ ነበር፤ ጠዋትም፣ ቀትርም።

አንድ ቀን መሕቡባ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ስትጫወት ስልኩ ጢጥ ጢጥ አለ።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አሉ አባባ ከድሮ ሳይዞሩ።

«ጌም ነው አባባ። መኪኖቹን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየገፋሁ ለቀይዋ መውጫ መክፈት አለብኝ።»

ዞሩ። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተቆጣ።

«ይቺን ማነው እንዲህ ያቆማት? መንጃ ፈቃዱን መቀማት ነበር!»

መሕቡባ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው አንዱን መኪና ገፉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአስር ሶላት እንዳበቃ ትራሱን ተደግፈው ይቀመጡና «አምጫት!» ይላሉ። ከመኪኖቹ ጋር ይጣላሉ። «አንተ ቢጫ፣ ፈቀቅ በል እንጂ! ሰው ይለፍበት!» መሕቡባ ትከራከራለች፣ እሳቸው ይቆጣሉ፣ አብረው ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እማማ ሃሊማ መጀመሪያ ላይ ቻርጀሩን ደበቁት። «ሐኪሙ አትጨነቅ ብሎታል፤ አንቺ ግን ጭንቅላቱን እያዞርሽበት ነው። ዓይኑስ? ያንቺስ ዓይን?» በማግስቱ ባላቸው ምሳቸውን ሲጨርሱ አዩና ቻርጀሩን ራሳቸው አምጥተው ሰኩት።

መቶ አስራ ስምንተኛው ላይ ግን ተጣበቁ። አባባ ከድሮ የጠርሙስ ቆርኪና የክብሪት ሳጥን ትሪ ላይ ደርድረው ያስባሉ። መሕቡባም ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስለ ወንዞች ሲያወራ፣ በሐሳቧ የልጆቹን ዴስክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትገፋ ራሷን ታገኘዋለች። ሽልማት የለው፣ የሚያጨበጭብ የለው። ከተፈታ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ታዲያ ለምንድነው ከሰው ጭንቅላት የማይወጣው? ደጋግማ አስባው መልስ አላገኘችለትም።

ትናንት ማታ እራት ላይ አባባ ከድሮ፣ «አስቸገረችን እንጂ ደርሼባታለሁ። ነገ ትወጣለች» ብለው ነበር። ራምዚ የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገበያ ላይ፣ እማማ ሃሊማ ጎመን እየመረጡ በድንገት፣ «ያችን መኪና ቶሎ እንዳታስወጧት» አሉ። መሕቡባ በመገረም አየቻቸው። «ምን ታዪኛለሽ? ያዢ፣ ዘንቢሉን በሁለት እጅሽ ያዢ፤ ትከሻሽ ይጣመማል» ብለው አለፉ።

«ሰማኸኝ?» አለችው ራምዚን፣ ይህን ሁሉ ከነገረችው በኋላ።

ራምዚ ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ። ፈገግታው ጠፍቷል። «እኔ'ኮ... ለማስደሰት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የኔም ፋዘር እንደዛ ነው» አለ ቆይቶ። «ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ከሌለ ያችን ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች የምታስደረድረዋን ጌም ይጫወታል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ! አንዴ ‹ፋዘር፣ ይሄ'ኮ አያልቅም› አልኩት። ‹እሱ አይደል ደስ የሚለው› አለኝ። ፋራ ነው ብዬ ስቄበት ነበር።» አፍንጫውን ጠረገ፤ ቀለሙ ወደ ጉንጩ ተስፋፋ። «ስሚ፣ ቀላል ነው። የደረጃዎቹ ዝርዝር አለ። መቶ አስራ ስምንትን መልሰሽ ትከፍቻለሽ፣ መኪኖቹ እንደነበሩ ይሆናሉ። አያውቅም። ሙድ እንዳታበላሺ ብቻ።»

መሕቡባ ዝርዝሩን ከፈተች። መቶ አስራ ስምንት አጠገቡ ኮከብ ተለጥፎበታል። ስትነካው መኪኖቹ እንደ ድሮው ተደረደሩ።

«እንዴት ነበር የወጣችው?» የሚል ጥያቄ ከአፏ አመለጠ። ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፤ ግን ለሳምንታት አብሯት የተኛ ጥያቄ ነው።

ራምዚ በጣቱ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አሳያት። ቀይዋን መኪና ወደ ኋላ ሳባት። ከመውጫው አራቃት፣ እስከ ግድግዳው ድረስ።

ለካ ይሄ ነበር። እሷና አባባ ቀይዋን አንዲት ጣት እንኳ ወደ ኋላ መልሰዋት አያውቁም፤ ክፍት ባገኙ ቁጥር ወደ መውጫው ነበር የሚያስጠጓት። መሕቡባ ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ደስታው ግን አልመጣም። ደረጃውን በፍጥነት መልሳ ወደ መጀመሪያው አደረገችው። መኪኖቹ እንደነበሩ ሆኑ፤ እሷ ግን አልሆነችም።

አዛኑ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጠኛው ክፍል ድምፅ መጣ።

«መሕቡባ! አምጫት!»

አባባ ከድሮ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቆባቸውን እንኳ አስተካክለዋል። የክፍሉ ግድግዳ ገና እርጥብ ነው፤ የቀለሙ ሽታ እንዳይረብሻቸው እማማ ሃሊማ መስኮቱን ከፍተው፣ ብርዱ እንዳይመታቸው ደግሞ ግማሹን መልሰው ዘግተውታል።

«ዛሬ አበቃላት» አሉ ጣታቸውን እያፍታቱ። «መጀመሪያ ቢጫውን ወደ ላይ። አየሽ? ከዚያ አረንጓዴውን...»

ቢጫው ወደ ላይ ሄደ። አረንጓዴው ወደ ታች ወረደ። ክፍት ቦታ ተገኘና ቀይዋን ወደ መውጫው ገፏት። ሰማያዊው አውቶቡስ ፊቷ ተገትሮ ቆመ።

«ኧረ ይሄ አውቶቡስ! ረዳት የለውም እንዴ?»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ወደ ፊት። የመሕቡባ ጣት ሊነሳ አለ፤ ሁለት እጇን ከጭኗ ስር ከታ ተቀመጠችባቸው። ዓይኗን ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ላከችው።

አባባ ከድሮ ጣታቸውን አነሱ። አሁን የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን እሷን ነው። «ምነው ዛሬ አትከራከሪኝም?»

«ምንም... ዝም ብዬ ነው።»

«አንቺ ዝም ብለሽ አታውቂም።»

«እያሰብኩ ነው አባባ።»

«አንቺ ልጅ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አይተሻታል እንዴ?»

‹ወላሂ አላየሁም› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ነገም «አምጫት» ይላሉ። አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱም አይሱዙው የት እንደሄደ ሲጠይቁ፣ ሰው ሁሉ ‹ጋራዥ ነው› ብሏቸው ነበር። እሷም ብላለች።

«አዎ» አለች። «አይቻታለሁ። ወጥታለች።»

አባባ ከድሮ ስልኩን ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ትከሻቸውም ሊከተለው ጀመረ።

«ግን አልነግርህም!» አለች መሕቡባ። የገዛ ድምፅዋ ጮክ ብሎ አስደነገጣት።

ትከሻቸው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«አልነግርህም አልኩ። ብትለምነኝም አልነግርህም።»

«ማን ለመነሽ!» አሉ አባባ ከድሮ ተቆጥተው። በዚያው ቁጣ ስልኩን መልሰው አነሱት። «ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶን ስወጣ መንገድ ያሳየኝ ሰው አለ? ብቻ ፊትሽ ይለፈልፋል። ወዲያ አዙሪው።»

መሕቡባ ተነስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀለሙ አፍንጫዋ ስር ሸተታት። ከኋላዋ ጢጥ ጢጥ ሲል ይሰማታል።

በሩ ተከፈተ። ራምዚ ነው። «ሜሂ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ያንተ እጅ አለበት አይደል?» አሉ አባባ ከድሮ ከስልኩ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንተም አይተሃል። ዙር!»

«አባባ፣ እኔ'ኮ...»

«ዙር አልኩህ!»

ራምዚ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነጩን ግድግዳ አዩ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ትንሽ ፍንጭ ብቻ ብንሰጠው?» ብሎ በጆሮዋ ሹክ አለ። መሕቡባ እግሩን ረገጠችው።

የእማማ ሃሊማ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያ ረቢ! ልጆቹ ምን አጥፍተው ነው? አፍንጫችሁን መልሱት፣ ቀለሙ አልደረቀም! አንተ ሰውዬ፣ በበዓል መዳረሻ ምን አድርገውህ ነው የምትቀጣቸው?»

«አልቀጣኋቸውም። መልሱን የሚያውቁ ስለሆኑ ነው፤ ተያቸው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ገና ነኝ» አሉ አባባ ከድሮ።

ነጠላ ጫማው ወደ ጓዳ ሄደ፤ ተመለሰ። ከአልጋው አጠገብ ቻርጀሩ ሶኬቱ ውስጥ ሲገባ ቀጭ አለ።

«አንተ ቢጫ» አሉ አባባ ከድሮ፣ «ና እስቲ ከመጀመሪያው።»

መሕቡባ አልዞረችም።