ወርቅ ያልጠየቀችው ሙሽራ

ልጆቼ፣ ይቺን የሒክማንና የያሕያን ነገር ላጫውታችሁ። የጀመረችው ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ነው።

ሒክማ ነርስ ናት። ሐዘንና ጭንቀት እንቅልፍ የነሳቸውን እናቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ሰብስባ፣ ትንፋሻቸውን እያደመጡ ቀልባቸውን እንዲሰበስቡ ታለማምዳለች። ያሕያ ባጃጅ ነጂ ነው። ልጅ የሞተባቸውን እናቱን ከቀወት ገጠር አምጥቶ ደጅ ሲጠብቅ ድምጿን ሰማ። ቤቱ ጸጥ ሲል እሱም ጸጥ አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለችው ስትወጣ።

«እናቴን ላሳክም መጥቼ እኔ ታከምኩ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እናትየው ቢሻላቸውም ማክሰኞን አላስታጎሉም፤ ልጃቸው ነው ከማለዳ ጀምሮ «እማ፣ ተነሺ» የሚላቸው።

ቤተሰብ ተስማምቶ የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን ሒክማ ይህን የትንፋሽ ልምምድ በወጉ ተምራ አስተማሪ ልትሆን ፈለገች። መንገዱ ሁለት ነበር። አንዱ በስልክ የሚሰጥ፣ በስድስት ሳምንት ምስክር ወረቀት የሚያስገኝ። ሌላው አዲስ አበባ፣ ሁለት ዓመት፤ ነባር አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ እያየ የሚያርምበት፣ ያለፈ ሰው ስሙ ከአስተማሪዎች መዝገብ የሚገባበት። ሒክማ ስታመነታ የመመዝገቢያው ቀን ተቃረበ።

ያሕያ ፈራ። ሳይጠይቃት የአጭሩን ትምህርት ቅጽ በስሟ ሞልቶ ላከና እየሮጠ መጣ።

«ጨረስኩልሽ! ከኔ ሳትርቂ አስተማሪ ሆንሽ!»

ሒክማ አየችው።

«ያሕያ፣ ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ዓይኗን ስትጨፍን ተንቀጠቀጠች። እጇን ከመያዝ በቀር የማደርገው ጠፋኝ። እኔን የጎደለኝ ወረቀት መሰለህ?»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«እሱን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ያሕያ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ።

የኒካሁ ዕለት ያሕያ ከሽማግሌዎች መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እንደ ወጉ ሁለት ምስክሮች ፈቃዷንና መህሯን፣ ማለት ባልየው የሚሰጣትን ስጦታ፣ ሊጠይቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ሰው ሁሉ ወርቅ ነው የጠበቀው። ከምስክሮቹ አንዱ፣ አጎቷ አደም፣ ግራ ተጋብተው ወጡ።

«ወርቁ ይቅርብኝ ትላለች። መህሬ ረጅሙ ትምህርት ነው፤ ወጪውን ችሎ ያስተምረኝ፣ ሁለቱን ዓመትም ይጠብቀኝ። ካልሆነለት ኒካሁም ይቅር ብላለች።»

ቤቱ ተንጫጫ። «አግብቶ ላጤ! ምን ጉድ ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሼኩ ወደ ያሕያ ዞሩ። «ምን ትላለህ ልጄ?»

ያሕያ ቀና አለ። «በሷ ፈንታ መርጬ አጥፍቻለሁ። ተቀብያለሁ በሏት።»

ከጓዳ ቀድመው እልል ያሉት የገዛ እናቱ ነበሩ።

በሳምንቱ ሒክማ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረች። ያሕያ አብሯት ተሳፍሮ፣ ብርድና ጉም እስከማይለየው ተራራ፣ እስከ ጣርማ በር ሸኛት። አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም፣ የቆላው ልጅ በስስ ሸሚዝ ጉሙ ውስጥ ወርዶ በመስኮቷ ስር ቆመ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«በረደህ እኮ፤ በቃ ተመለስ።»

«ሹፌሩ ሻዩን እስኪጨርስ ባልሽ ልሁን።»

እጇን በመስኮት አወጣችለት። ያዘው።

ሹፌሩ፣ አላህ ይስጠው፣ ሌላ ሻይ አዘዘ።