የሀብተ ጊዮርጊስ ግራ እጅ

ሀብተ ጊዮርጊስ ሲያትል ባለው ቤቱ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በዱካው፣ በሚደረድርበት በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞቶ ተገኘ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009፣ በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ነው። እግሩ ሥር ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ወድቋል። ከጎኑ በገናው ነጭ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። ፎቶ ሊያነሣ የገባው ፖሊስ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ወደ ኋላ ዘለለ አሉ።

ፖሊሶቹ ብዙ አልደከሙም። ሰውየው በገና ደርዳሪ ነው። ግራ እጁ ከተበላሸ ሦስት ዓመት አልፎታል። ለእጁ የታዘዘለት መድኃኒት ሆዱ ውስጥ ከተልባ ጋር ተገኝቷል። «ተስፋ ቆርጦ ራሱን አጥፍቷል» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ተዘጋጁ።

ለሚስቱ ለአበዛሽ ግን ነገሩ ከዚያ ነው የጀመረው። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግማ! የንስሐ አባቷ ቀሲስ ሙላው እያዘኑ፣ «ልጄ፣ እውነቱ እስኪታወቅ እጄ ታስሯል» አሏት። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ባሏን እንደ ውሻ ያለ ጸሎት ልትቀብረው ነው። ሰኞ ጠዋት ማንአልሞሽን ጠራቻት።

ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ውስጥ በወንጀል ምርመራ ፀጉሯን ያሸበተች፣ ሲያትልም መጥታ ፈቃድ አውጥታ በግሏ የምትመረምር ሴት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷም ያጥራል። እንደገባች አልተቀመጠችም።

«ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ከላይ መኝታ ቤት። ነርሲንግ ሆም ሌሊቱን አረጋውያን ስጠብቅ አድሬ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ መጥቼ ወደቅሁ። በእንቅልፌ ውስጥ በገናው ተሰማኝ።»

«ማን ነበር የሚደረድረው?»

«እሱ ነዋ! ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እጁን አጣዋለሁ? እንደ ድሮው ነበር፤ ወለሉ ከሥሬ ይነዝራል። እጁ ተፈታ ብዬ ልነሣ ስል ድካሙ መልሶ ጣለኝ።» አበዛሽ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ሰዉ ሁሉ ‹ሊሰናበትሽ ነው፤ እግዜር ለመጨረሻ ሰዓቱ እጁን መለሰለት› ይለኛል። እኔ እንጃ። አሁንም ጋደም ስል ከወለሉ ሥር እሰማዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው እንደ ድሮው ነበር?»

አበዛሽ አሰበች። «አይ… እየቆየ ተደነቃቀፈ። ዝም አለ። ከዚያ ያንኑ ቦታ እንደገና ጀመረው። ደግሞ ተደነቃቀፈ፤ ደግሞ ዝም፤ ደግሞ ከዚያው።»

«ተልባውን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

«የምን ተልባ? እኛ ቤት ተልባ ገብቶ አያውቅም።»

ማንአልሞሽ ወደ ቤዝመንቱ ወረደች። ከጓሮው መንገድ የሚያስገባ የራሱ በር አለው። ነጠላውን ከበገናው ላይ ገለጠች። ዐሥሩም አውታሮች ላልተው ተንጠልጥለዋል፤ በላያቸው ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ብን ብን ብሏል። ይህንኑ ዱቄት ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ሬሳውን ባየች ጊዜም በግራ እጁ ጥፍሮች ሥር አይታዋለች። ኩሽና ወጣች። አበዛሽ ከሥራ የምታመጣው የጓንት ካርቶን መደርደሪያው ላይ አለ። አንዱን አጠለቀች፣ አወለቀች፣ ጣቶቿን አየች። ነጭ ሆነዋል።

ቤዝመንቱን ጥግ በጥግ፣ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር ፈተሸች። አንድም ጓንት የለም።

የሀብተ ጊዮርጊስን እጅ የምትከታተለው የሕክምና ባለሙያ ናርዶስ ትባላለች፤ እዚሁ አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት።

«ሶ፣ እጃቸው ምንም አልሆነም» አለች። «ማንኪያ ይይዛሉ፣ ቁልፍ ያዞራሉ፣ ይጽፋሉ። አውታር ሲነኩ ብቻ ነው ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ታጥፈው መዳፋቸው ውስጥ የሚገቡት።»

«ታዲያ በሽታው የት ነው ያለው?»

«ብሬይን ውስጥ። እዚያ ለየጣቱ የራሱ ቦታ አለው፤ እንደ ጎረቤት ግቢ ይበሉት። አንዳንድ ሙዚቀኛ ያንኑ እንቅስቃሴ ብዙ ዓመት ሲደጋግመው አጥሩ ይፈርሳል። አንዱ ጣት ሲነካ ሌላውም የተነካ ይመስለዋል። አንዱን ሲያዙት ሌላው አብሮ ይታጠፋል።»

«ጓንት ቢያጠልቅበትስ?»

ናርዶስ ደነገጠች። «ማን ነገረዎት? እኔ ነኝ እንዲሞክሩት ያልኳቸው። ለአንዳንድ ሰው ይሠራል። ጣቱ የሚሰማው ስሜት ሲለወጥ ብሬይኑ የለመደውን ስህተት ይረሳዋል። ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ጓንቱን ሲለምደው ጣቱ ተመልሶ ይታጠፋል። ያወልቁታል፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ከዚያው ይጀምራሉ። ባለፈው ሳምንት ኮል አድርገው፣ ‹ልጄ፣ ዜማው መጣ› ብለው አለቀሱ። ፖሊስ ስለ ብልቃጡ ብቻ ነው የጠየቀኝ።»

ዘመድኩን የሟች ጓደኛ ነው። ከሲያትል ወጣ ብሎ ቡሪየን ይኖራል፣ ኤርፖርት ይሠራል፣ የሆሳዕናን ጉባኤ የሚያሰናዳውም እሱ ነው። ማንአልሞሽን ገና በር ላይ፣ «እህት ዓለም፣ እጄን ለካቴና ልዘርጋ ወይስ ሻይ ላፍላ?» አላት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ለሆሳዕና በገና እንዲደረድር ደቀ መዝሙሩን ማዕረግን መደብኩ። ሀብቴ መጥቶ ‹ቦታዬን ተውልኝ፣ እኔው እደረድራለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹በየትኛው ጣትህ?› አልኩት። አፌ ይቆረጥ!»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማዕረግ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።»

«አንተ በገናውን ነክተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? የሀብቴን በገና? ከማዕረግ በቀር ሚስቱም አትነካው!»

«ተልባስ ትወዳለህ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ማዕረግ በጾም እሑድ እሑድ ለመዘምራኑ በፔርሙዝ ያመጣል፤ ከዚያ እጠጣለሁ።»

የሀብተ ጊዮርጊስ ብቸኛ ደቀ መዝሙር የሆነው ማዕረግ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ነው የሚኖረው። ረጋ ያለ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ሰው ነው።

«እሑድ ዕለት አይተሃቸዋል?»

«አላየኋቸውም፣ እትዬ። ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነው የነዳሁት።»

«ሲደረድሩስ?»

«እጃቸው ከታመመ ወዲህ አላየሁም። በመጨረሻ ሰዓታቸው ግን እግዚአብሔር ፈታላቸው።»

«እንዴት ነበር ያስተማሩህ?»

የማዕረግ ፊት ፈካ። «የመጀመሪያውን ዓመት አውታር አላስነኩኝም። እሳቸው ሲጨርሱ አውታሩን ማላላት፣ ነጠላውን ማልበስ፣ ያ ነበር ሥራዬ። የደረደረ ሰው አይሸፍንም። ‹የራሱን በገና የሸፈነ የራሱን ዐይን እንደ ከደነ ነው› ይሉ ነበር መምህር።»

ማንአልሞሽ አመስግናው ወጣች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አበዛሽ ሳሎን ተሰበሰቡ። ቀሲስ ሙላው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አበዛሽ የምታየው እሳቸውን ብቻ ነው።

«ሁላችሁም ሀብተ ጊዮርጊስ ተሰናብቶ ሞተ አላችሁ» አለች ማንአልሞሽ። «እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ሊሞት የተቀመጠ ሰው ያበላሸውን ይደግማል? ተሰናባች እንደ ወጣለት ይሄዳል። ስህተቱን ደጋግሞ የሚያርመው ለነገ የሚያስብ ሰው ነው።»

ቀሲስ ሙላው ቀና አሉ።

«እጁ እንዴት ሠራ? በጓንት። ናርዶስ ነግራኛለች። ዱቄቱ በጥፍሩም በአውታሩም ላይ አለ፤ ጓንቱ ግን የለም። የሞተ ሰው ጓንት አውልቆ ከቤት አያወጣም። አንድ ሰው ወስዶታል። አበዛሽ ጓንት ስታጠልቅ ስታወልቅ ነው የምትውለው፤ ሬሳው ላይ ብታየው ምንም አይመስላትም። ዘመድኩን የዕቃ ማጠቢያ ነው ይል ነበር።»

«እውነት ነው!» አለ ዘመድኩን።

«የወሰደው ሰው፣ ያ ጓንት ‹ሀብተ ጊዮርጊስ ሊመለስ ነው› እንደሚል ያውቃል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ የነገረችው ናርዶስና ሲለማመድ በዓይኑ ያየ ሰው። ናርዶስ የበገና አውታር ማላላት አትችልም። በገናው ግን አውታሩ ላልቶ፣ ነጠላ ለብሶ ነው የተገኘው። ማዕረግ፣ ማን ሸፈነው?»

ማዕረግ ከንፈሩን አራሰ። «መምህር ራሳቸው ይሆናሉ። ሊሞቱ አይደል? ዐይናቸውን ሲከድኑ…»

«ተልባውንስ? ይህ ቤት ተልባ የለውም፤ አንተ ግን እሑድ እሑድ በፔርሙዝ ትይዛለህ። ያ ሁሉ ክኒን ደቅቆ ከተልባ በቀር በምን ይደበቃል? ደግሞስ መድኃኒቱ እያደነዘዘው ዐሥር አውታር አላልቶ፣ ነጠላ አልብሶ፣ ጓንቱን ደጅ ጥሎ፣ ተመልሶ ዱካው ላይ ተቀመጠ?»

ማዕረግ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

«ባለፈው ሳምንት በጓንት ደረደሩልኝ» አለ በቀስታ። «ደስ ብሏቸው እየሳቁ፣ ‹ከሆሳዕና ጀምሮ ወደ ነጠላህ ትመለሳለህ› አሉኝ። ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በቦታቸው ስደረድር ሰው መሆኔን አይቼ ነበር። እሑድ መድኃኒቱን የደባለቅሁበትን ተልባ እየጠጡ ሲለማመዱ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው። ዝም ሲሉ ጓንቱን አወለቅሁና ልወጣ ስል በገናው ራቁቱን ቆሞ አየኝ። ልሸፍነው አላሰብኩም፣ እትዬ። እጄ ነው ራሱ የሄደው።»

ማንአልሞሽ በሩን ከፈተች። አስቀድማ የጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች ዝናቡን አራግፈው ገቡ፤ ማዕረግም ሳይጠሩት ተነሣ።

መኪናው ከሄደ በኋላ አበዛሽ እንደ ፈዘዘች፣ «ሊሰናበተኝ አልነበረም ማለት ነው?» አለች።

«ሊሰናበትሽ አልነበረም፣ እህቴ። ሊመለስልሽ ነበር።»

ቀሲስ ሙላው ተነሥተው መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «ነገ ፍትሐቱን እኔው አደርሳለሁ። በሙሉ ሥርዓቱ።»

አበዛሽ ከእሑድ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም ነበር። ጥሏት ለሄደ ሰው ምን ብላ ታልቅስ? አሁን ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ ስሙን ጠርታ ጮኸች። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች በር ከፍተው ወጡ። ዘመድኩን ሊይዛት ሲነሣ ማንአልሞሽ ክንዱን ጨብጣ መለሰችው።

«ተዋት» አለችው። «ባሏ ሞቶባታል።»