የጌጡ በርኖስ

ጥሩሸዋ ተክለጻድቅን ያወቀችው በጥል ነው። ክረምቱን ሙሉ የጥቁር በግ ጠጉር ፈትላ፣ ለታናሽ ወንድሟ ለጌጡ በርኖስ እንዲሠራላት ለዚህ ከዘመሮ ለሚመጣ ሸማኔ ሰጥታው ነበር። ገበያ በቆመ ቁጥር «ለሚቀጥለው» እያለ አመላለሳት። በመጨረሻ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አፋጠጠችው።

«ወንድሜ በብርድ ሊያልቅ ነው፤ አንተ እዚህ ትስቃለህ?»

ቀና ብሎ አያት። «ወንድምሽ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ማን መሰለህ?»

«ባልሽ መስሎኝ ነዋ ያዘገየሁት።»

ልትሰድበው የያዘችው ቃል ጠፋባት። እሱም ዓይኑን አልነቀለም። በርኖሱ በሳምንቱ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ፈትል ኖራትም አልኖራት ከገበያ አትቀርም። ለእናታቸው ለወይዘሮ አስካለ ማርያም ሰበብ የሚፈጥርላት ጌጡ ነው። አብሯት ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲያወሩ ዞር ይላል፤ መንገድ ላይ ያፌዝባታል። «እታለም፣ አማቼ ከሆነ ቀጣዩን በርኖስ በነፃ ነው።» ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጦ ነበር።

ዘመኑ ግን ሰው እንደ እህል በኮታ የሚሰፈርበት ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል። አዋጁ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለውን እንደማይነካ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲነገር ጥሩሸዋ ሰምታለች። አመነች። ሕግ ያወጣ ሁሉ ሕግ የሚያከብር መሰላት።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ታጣቂዎች ገበያውን ከበቡት። ተክለጻድቅ ጎልማሳ ነው፤ ጌጡ ገና አሥራ ስድስቱ። ጥሩሸዋ አላመነታችም።

«ጌጡ፣ በርኖስህን አውልቀህ ስጠው።»

«ብርዱስ?»

«አንተ ልጅ ነህ፣ አይነኩህም። አውልቅ አልኩህ።»

ተክለጻድቅ እምቢ አለ። በግድ ያለበሰው ጌጡ ነው፤ የራሱን ቆብ እስከ ቅንድቡ አጠለቀለት፣ ዱላውንም አስያዘው። «ጎበጥ በል እንጂ። እንዲህ ቀጥ ያለ ሽማግሌ የት አለ?» አለው እየሳቀ።

ታጣቂዎቹ የሚያዘግመውን ጥቁር በርኖስ «ይለፉ አባቴ» ብለው አሳለፉት። ጌጡን በስስ ሸሚዙ ያዙት። ጥሩሸዋ ዕድሜውን ተናግራ ብትማጸን፣ አንዱ ቁመቱን አየና «ከጠመንጃው ይረዝማል፤ ይበቃል» አላት።

ጌጡ ከመኪናው ላይ ሆኖ ተጣራ። «እታለም፣ በርኖሴን አደራ። አማቼ እንዳይሸጠው።»

ቤት ስትገባ እናቷ አልቅሰው ሲያበቁ የጠየቋት አንድ ነገር ነበር፤ «ምን ለብሶ ሄደ?»

«በርኖሱን» አለች።

ከዚያ ወዲህ ውርጭ በጣለ ምሽት ሁሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ወደ በሩ እያዩ «ተመስገን፣ በርኖሱ አለው» ይላሉ። ጥሩሸዋ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። የተክለጻድቅን ሽማግሌዎች አላገባም ብላ መለሰቻቸው። መንገድ ላይ ጠብቆ ቢያገኛት፣ «አንተን ሳይህ የሱ የተራቆተ ትከሻ ነው የሚታየኝ» አለችው።

«እኔስ በየትኛው ትከሻ የምኖር ይመስልሻል?» አላት። በርኖሱን አንድ ቀን እንኳ ደግሞ አለመልበሱን አልነገራትም።

በሁለተኛው ዓመት ከሰሜን መርዶ መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ለእናት አገሩ ተሰዋ ተባለ። ያቺ እናት አገር ግን እናቱን አንድም ቀን «እንዴት ዋሉ» ብላቸው አታውቅም።

በአገሩ ወግ ሬሳ በሌለበት የሟች ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀስበታል። «ልጄ በርኖሱን ለብሶት ሄዷል፤ በምኑ ላልቅስ?» አሉ እናቱ። ሰው ባዶውን አልጋ ከቦ ሲያለቅስ ተክለጻድቅ ደረሰ። በርኖሱን በሁለት እጁ ታቅፎታል።

ልቅሶው ቀጥ አለ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም በበርኖሱ አንገት ዙሪያ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ነጭ ክር ዳሰሱ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ለምኜው ነው፣ እናቴ። የገበያው ዕለት ነፍሴን ላድን ብዬ…»

ውሸቱ ጥሩሸዋን ለመሸፈን ነበር። እሷ ግን ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ተንበረከከች። «እሱ አልለመነም። አውልቅ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።»

እናትየው ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ታዲያ ልጄ በብርድ ነው የሄደው?»



የሟች ልብስ በአርባው ለንስሐ አባት ይሰጣል። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ግን ቄሱን ይቅርታ ጠይቀው፣ በርኖሱን ተክለጻድቅ ትከሻ ላይ ጣሉት። «ልጄ ያለበሰህን እኔ አላስወልቅህም። ሽማግሌም ከፈለግህ ላክ።» ጥሩሸዋን ምንም አላሏትም።

ሙት ዓመቱ ሲወጣ ያለ ዘፈን ተጋቡ። ይዋደዳሉ፤ ጎረቤት የሚመሰክረው ነው። ተክለጻድቅ ከገበያ ሲመለስ በርኖሱን ደጅ አውልቆ፣ አጣጥፎ ይገባል። እሷ ዓይኗን ወደ ሌላ መልሳ ትቀበለዋለች፤ እጁን ግን ቶሎ አትለቅም።

እናትየው አብረዋቸው ናቸው። ውርጭ ሲጥል አሁንም ወደ በሩ ያያሉ። ጥሩሸዋ እሳቱን እየቆሰቆሰች ትጠብቃለች፤ ያቺን «በርኖሱ አለው» የምትል ቃል፣ ውሸት መሆኗን ቢያውቁም፣ አንዴ ቢሏት። አይሉም።