ዝንብ የገደለ ሊጥ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቦታ አይጠፋም። ጨዋታውን ለጊዜው ተዉትና አረፍ ብላችሁ ስሙኝ። የዛሬው ታሪክ ሆድ ያገለባብጣል፤ ቢሆንም የወለደም ያሳደገም ሊሰማው ይገባል።

በአንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ልጅ በእናቱ ትከሻ ላይ እንደተኛ ከሄደ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ሞግዚት እጅ መታጠቢያው ሥር ወድቀው ሞተው ተገኙ። ሰው ሁሉ «እማማ ቅምሻ» ይላቸው ነበር። ለልጆች የሚቀርብ ነገር፣ ሾርባም ይሁን ወተት፣ የሥዕል ቀለምም ይሁን ሙጫ፣ በእሳቸው ምላስ ጫፍ ሳያልፍ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም ነበር። «ሕፃን ሁሉን ወደ አፉ ነው የሚወስደው፤ እኔ ልቅደመው» ይሉ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ምላሳቸው ግን ያነብ ነበር።

ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ደቃቁን አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር። ወደ ማቆያው ከመምጣቷ በፊት አስከሬኑን አይታ ነበር። የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። አገጫቸው ላይ ለሃጭ ደርቋል። የመዳፋቸው ስንጥቅ ሁሉ ደግሞ በሮዝ ቀለም ተሞልቷል።

በሩ ላይ ጫማዋን የጠረገችው በተዘረጋ ጆንያ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው። የስፌቱ ክር በውጭ በኩል ተንጨባሮ ይታያል። ተሻግራው ገባች።

ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላት የማቆያው ባለቤት እጇን ዘረጋችላት። እጇ ለስላሳ ነው፤ የሎሚ ሳሙና ይሸታል።

«ለከንቱ ደከሙ» አለች እትዬ። «አሮጊት ናቸው፣ ልባቸው ነው። ልባቸው ካልሆነም ምሳቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ በዚያች ወጥ ቤት ሾርባ ሦስት ልጆች አስመልሰውብኛል፤ አንዱ ክሊኒክ አድሯል። ይህንን ለጣቢያው አዛዥም ነግሬያለሁ።»

«ወጥ ቤቷ የሟች ምናቸው ናት?»

«ታናሽ እህታቸው።»

«እህቷን በሾርባ ገደለች ነው የሚሉኝ?»

«እኔ እንዲህ አልወጣኝም። ግን ሰኞ ሃያ ስድስት ልጅ ይመጣል፤ ወላጅ መልስ ይፈልጋል። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።»

አዛዡም ለመርማሪዋ የነገራት ይህንኑ ነበር። እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ወጥ ቤቷ ትታሰራለች። ሰኞ ደግሞ ልጆቹ ተመልሰው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

የልጆቹ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ከጉልበት በታች ነው። በግድግዳው ላይ ትንንሽ መዳፎች በቀለም ታትመዋል። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መርማሪዋ ጨርቁን በብዕሯ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ልጆች የሚጫወቱበት ሊጥ ነው፤ ሮዝ፣ በዘይት የወዛ፣ ከረሜላ የሚመስል። በሳፋው ጠርዝ ዙሪያ ዝንቦች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ረግፈዋል። መስኮቱ ላይ ያሉት ግን ጤነኞች ናቸው፤ ይጮኻሉ።

መደርደሪያው ላይ ካለፈው ሳምንት የተረፈ አንድ ድቡልቡል ሊጥ አገኘች። አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። አራት ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች ነበሩበት።

«ይህ የማን ጥርስ ነው?» ስትል የእጅ ሥራ አስተማሪዋን ጠየቀቻት። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ስታለቅስ ስላደረች ዓይኗ አብጧል።

«የሁሉም ሊሆን ይችላል። ከአፋቸው ስናወጣ ነው የምንውለው። ለዚህ ብለን ነው በዱቄትና በጨው የምንሠራው፣ ቢውጡትም እንዳይጎዳቸው።»

«ሮዝ ቀለሙን ማን ጨመረበት?»

«እማማ ዱቄቱ ላይ አስቀድመው የጨመሩት መስሎኝ ነበር።»

መርማሪዋ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ቢጫው ተጋምሷል፤ ሰማያዊው አልቋል። የቀዩ እሽግ ገና አልተፈታም። አስተማሪዋም አየችው።

«እጅሽን አሳዪኝ እስቲ።»

ከጣቷ እስከ ክርኗ ቆዳዋ ቀልቶ ሽፍ ብሏል። «ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን እኔ ነበርኩ ያቦካሁት። የትናንቱ ብዙ ስለሆነ እማማ ‹አንቺ እጅሽ ቆስሏል፣ ተይኝ› ብለው ለብቻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አሹት። ቀምሰው ‹ኧረ ይሄ ነገር ይመራል› አሉ። እኔ ጨው የበዛበት መስሎኝ ሳቅሁባቸው።» እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «ሳቅሁባቸው እኮ።»

ከሊጡ አጠገብ የጥንቸል ሥዕል ያለበት ሣጥን አለ፤ ውስጡ አዳዲስ የሰም እርሳስ ነው።

«ይህስ?»

«የእትዬ የልጅ ልጅ ዕቃ ነው። ልጅቷ ሊጥ አትነካም። ሮዙ ሊጥ ከመጣበት ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ‹ቆዳዋ ስስ ነው› ተብሎ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው።»

«ይህን የሆነ ቦታ ጽፈሽዋል?»

«የቀን መዝገቡ ላይ። ማን በምን እንደተጫወተ ጠዋት ጠዋት እጽፋለሁ።»

መርማሪዋ መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ወጥ ቤቷ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ እናት አባት ሞተውባት በእህቷ እጅ ያደገች ናት። ድስቱን ሁሉ አጥባ በተርታ ደፍታዋለች። ሻይ ቀዳችላት።

«አልጠጣም፣ አትቀየሚኝ።»

«መርዝ መስሎሽ ነው?» አለች ወጥ ቤቷ ምርር ብላ። «ግድ የለም፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያስበው። ትናንት አብረን ከአንድ ሳህን በላን። እሷ ሞተች፣ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። ምነው ሁለታችንንም በወሰደን።»

«ለሊጡ ዱቄት የገዛሽው አንቺ ነሽ?»

«አልገዛሁም። እትዬ ‹መጋዘን ውስጥ ስንዴ አለ፣ አስፈጪው› አለችኝ። አፉ የተሰፋ ጆንያ ነው፤ ሳልፈታው ለጋሼ ዘበኛው ሰጠሁ።»

«እሷ ግን ‹ዱቄት ግዢ ብዬ አዝዣት ነበር› ትላለች።»

ወጥ ቤቷ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ከለቅሶ ይብስ ነበር። «እሷ ካለች አለች ነዋ። እኔን ማን ይሰማኛል፣ የኔ እህት?»

ሽማግሌው ዘበኛ ከባዶ የዶሮ ቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ስንዴውን ወፍጮ ቤት የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ልጄ። ወረፋ አስይዤ ተመለስኩ፤ ተፈጭቶ ነው ያነሳሁት። ነፋሁት። ቀላ ይላል፤ ቀይ ስንዴ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«በሩ ላይ የተነጠፈው ጆንያ እንደዚያ ተገልብጦ ነበር የተሰጠዎት?»

«እንደዚያው። ስፌቱ በውጭ። የሰነፍ ስፌት ነው ብዬ ስቄ ለጫማ መጥረጊያ አደረግሁት።»

«ፉሩሽካውንስ ምን አደረጉት?»

«ለዶሮዎቼ ነዋ። ምን ያደርጋል፣ አልተጠቀሙበትም። በማግሥቱ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባና ሦስቱንም ጨረሰብኝ። በአንድ ቀን። እንዲህ ያለ ፈንግል አይቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ባዶውን የዶሮ ቤት ትክ ብላ አየችው። ከዚያም ሊጡን፣ ዝንቦቹንና ከፉሩሽካው የተረፈውን በየዕቃው አሽጋ ወደ ላቦራቶሪ ላከች።

ቅዳሜ ከሰዓት አራቱን ሰዎች በልጆቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሌላ ወንበር የለምና ሁሉም በዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተኮራምተው ተቀመጡ። እትዬ ግን ቆመች።

«ይቀመጡ» አለቻት መርማሪዋ።

«ልብሴ ይቆሽሻል።»

«ይቀመጡ፤ ልጆቹ ከሚቀመጡበት ከፍታ ነገሩ በደንብ ይታያል።»

እትዬ የወንበሩን ጫፍ ብቻ ይዛ ተቀመጠች።

«እማማን ምግብ አልገደላቸውም» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «እህታቸው ከዚያው ሳህን በልታለች። ብሌናቸው ጠቦ፣ ለሃጭ ደፍቀው ነው የሞቱት፤ ይህ የተባይ መድኃኒት ሥራ ነው። መንገዱም መዳፋቸው ላይ ተጽፏል፤ በዚያ ስንጥቅ እጅ መርዙን ከዘይት ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ አሹት። ትናንት የጠረጠርኩትን ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪው አረጋግጦልኛል።»

«ከሊጥ ውስጥ መርዝ ምን ይሠራል?» አሉ ዘበኛው።

«እኔም ይህን ጠየቅሁ። የቀዩ ቀለም እሽግ አልተፈታም፤ ሊጡ ግን ሮዝ ነው። አስተማሪዋ እማማ የቀለሙት መሰላት፣ አባባ ደግሞ ቀይ ስንዴ መሰላቸው። ቀለሙ ግን ከስንዴው ጋር ነው የመጣው።» ከበር ያነሳችውን ጆንያ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። እጇን ከውስጥ አስገብታ ገለበጠችው። በጥቁር የተሣለ የራስ ቅል ወጣ፤ ከሥሩ በቀይ ፊደል «ለዘር ብቻ። ለሰውም ለእንስሳም አይበላም» ይላል። «ዘር በአፈር ውስጥ ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ይቀቡታል፤ ሰው እንዳይበላው ደግሞ ሮዝ ቀለም ይነክሩታል።»

ወጥ ቤቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘበኛው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ፣ አባባ። የራስ ቅል ግን ማንበብ አይጠይቅም። ጆንያውን ባዶ አድርጎ የገለበጠው፣ መልሶም ሞልቶ የሰፋው ሰው፣ የማያነብ እንኳ እንዳያየው ፈልጓል። ማን ነው? እርስዎ አይደሉም፤ እያወቀ ለዶሮዎቹ መርዝ የሚበትን የለም። አስተማሪዋም አይደለችም፤ እያወቀች እጇን እስከ ክርኗ አትነክርም። ወጥ ቤቷም ያሳደገቻትን እህቷን እያወቀች እዚያ ሳፋ ላይ አታስቀምጥም። ሦስታችሁም የምትወዱትን ወደ መርዙ አቀረባችሁ፤ አላወቃችሁምና። ከመርዙ የምትወዳትን ያራቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

የጥንቸሉን ሣጥን ጆንያው ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ ሣጥኑን አየችው፤ ቶሎም መልስ አገኘች። «ልጆቹ ካስመለሱ በኋላ ፈራሁ። አያት መሆን ወንጀል ነው እንዴ?»

«ልጆቹ ያስመለሱት ረቡዕ ነው። የልጅ ልጅዎ ለብቻዋ እንድትቀመጥ ያደረጉት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሊጡ ገና ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው። መዝገቡ ይኸው። ማንም ሳይታመም እርስዎ ብቻ አውቀው ነበር።»

እትዬ ከወንበሩ ጫፍ ተነሳች።

«ባለቤቴ የዘር መደብር አለው» አለች እትዬ በመጨረሻ፣ ቀሚሷን ከወንበሩ እያራገፈች። «ጊዜው ያለፈበት ዘር ነው፣ ዝም ብሎ የሚጣል፤ ለመጫወቻ ዱቄት ለምን ብር ላውጣ? ደግሞ ልጆቹ አይበሉትም፤ ይጫወቱበታል እንጂ።»

መርማሪዋ ያንን ድቡልቡል ሊጥ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ፊቷ አኖረችው፤ ከአራቱ ጥርሶች ጋር።

«የሁለት ዓመት ልጅ እጁና አፉ መካከል ስንት ምዕራፍ መንገድ አለ?»

እትዬ ፊቷን አዞረች። «አንሺልኝ፤ ያስጸይፋል» አለች።

መርማሪዋ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። ሦስቱ ልጆች ካስመለሱ በኋላ፣ ይህች ሴት ዱቄቱን እንደመጣል በትልቅ ሳፋ እንዲቦካ አዝዛ፣ ጥፋቱን በሾርባው አሳብባ፣ እጇን በሎሚ ሳሙና ታጥባ ነበር። ደጅ የሚጠብቁት ፖሊሶች ገብተው ሲወስዷት ጆንያው የነበረበትን ሥፍራ ዞራ አለፈች፤ ጫማዋ እንዳይነካው።

ወጥ ቤቷ ግን ከዚያች ትንሽ ወንበር አልተነሳችም።

«እኔን አትወስዱኝም ማለት ነው?»

«አንወስድሽም። ማቆያውም ሰኞ አይከፈትም፤ ሁሉም ተፈትሾ እስኪያልቅ።»

«እንግዲያስ እህቴን ስጡኝ። እጇን እኔ ላጥብላት። እስከ ስንጥቁ ድረስ፣ አንድም ሮዝ ሳይቀር።»

«ጓንት አድርገሽ» አለቻት መርማሪዋ፣ ትከሻዋን ይዛ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ውኃውን ሦስት ጊዜ ለወጡ። ሦስተኛው ጥርት ብሎ ወረደ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገሬ ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ልጅ አንድ ነገር ስታቀርቡ፣ ቀለምም ይሁን ሙጫ፣ ዶቃም ይሁን ሊጥ፣ የራሳችሁን ልጅ መጀመሪያ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጡ። ልባችሁ ልጃችሁን ራቅ አድርጉ ካላችሁ፣ ዕቃውን አንሱት። ያን ጊዜም እማማ ቅምሻን አንድ አፍታ አስታውሱልኝ።